እምቦጭ ገና በትንሹ እየገባ ነው፤ የዓሣ መራቢያችንን ሳይሸፍን በእጅ እንዴት እንከላከለው?

የታንኳ_ወደብ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ጥያቄው ስለ እምቦጭ ነው። ቦታው በጣና ምሥራቃዊ ዳር፣ ወደ የብስ ገባ ያለች 3 ሄክታር ገደማ የምትሆን የውሃ ጥግ ናት። አንድ ትንሽ ወንዝ ይገባባታል። ዳር ዳሩን ደንገልና ፊላ ይዞታል፤ ቆሮሶና አምባዛ ይራቡባታል፤ ጭቃዋ ውስጥም ዛጎል አለ። እስካሁን አልተሸፈነችም። ግን ከሰሜን በኩል ነፋስ ሲነሣ ምንጣፍ የሚያህል፣ አንዳንዴም የቤት ጣሪያ የሚያህል ቁራጭ እየተንሳፈፈ ይመጣና ደንገሉ ሥር ይሰካል።

ያለን አቅም 25 የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አባላት፣ 4 ጀልባ፣ ጥቂት ታንኳና መንሽ ነው። ማሽን የለንም። ከየት እንጀምር? በስንት በስንት ጊዜ እንመላለስ? የወጣውን የት እናድርገው? ዓሣውንና ወፉን ሳንጎዳ ማውጣትስ እንዴት ይቻላል? መድኃኒት ይረጭበት የሚሉም አሉ፤ እሱስ ያዋጣል?

አረም_ከሥሩ፦

በዚህ መጠን ላይ ሳለ መጠየቃችሁ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው ቀበሌ የሚነቃው ታንኳ ማለፊያ ካጣ በኋላ ነው።

በቅድሚያ ሒሳቡን ተመልከቱት፤ የሥራ ፕሮግራማችሁ የሚወጣው ከእሱ ነው። እምቦጭ ሙቀትና ማዳበሪያ የጠገበ ውሃ ካገኘ በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በጣም ሲመቸው ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። 1 ሄክታር አጽድታችሁ 5 በመቶው ደንገል ሥር ተደብቆ ቢቀር 500 ካሬ ሜትር ቀረ ማለት ነው። ይኸ በ2 ሳምንት 1,000፣ በ4 ሳምንት 2,000፣ በ6 ሳምንት 4,000፣ በ8 ሳምንት 8,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። 10ኛው ሳምንት ሳይሞላ ሄክታሩ እንደነበረ ተመልሶ ይሸፈናል። ብዙ ዘመቻ ከንቱ የቀረው ሰዉ ስላልደከመ አይደለም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ቀን ስላልተቆረጠለት ነው። 25ታችሁም በአንድ ቀን ወጥታችሁ ከምትደክሙ፣ አምስት አምስት ሆናችሁ ዳሩን ተካፈሉና እያንዳንዱ ቡድን ድርሻውን በየ2 ሳምንቱ ይመልከት። በብርዱ ወራት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ 3 ሳምንት ቢሆን ይበቃል።

ክብደቱንም አትናቁት። ጥቅጥቅ ያለ እምቦጭ በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። በ30 ኪሎ ብናሰላው 1 ሄክታር 300 ቶን ነው። አንድ ሰው በቀን 1 ቶን ጎትቶ ያወጣል ብንል፣ 25 ሰው 12 ቀን ሙሉ ይፈጅበታል። ጣሪያ ያህላል ያላችሁት ቁራጭ ግን 40 ካሬ ሜትር ቢሆን 1.2 ቶን ነው፤ ሁለት ሰው ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። አሁን ያላችሁት ብልጫ ይኸው ነው።

ሥራውን ከትልቁ ክምር አትጀምሩ። መጀመሪያ ብቻ ብቻቸውን የተበተኑትን ልቀሙ፣ ቀጥሎ ትንንሾቹን፣ ትልቁን በመጨረሻ ከጠርዙ እየቀነሳችሁ። እያንዳንዱ ብቸኛ ተክል ለነገ ክምር እናት ነው፤ ዛሬ ግን በአንድ እጅ ይነሣል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወንዙን ቢያንስ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ሄዳችሁ እዩት። ላይ የመስኖ መጥለፊያ ወይም የረጋ ኩሬ ውስጥ እምቦጭ ካለ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አምጥቶ ያስረክባችኋል።

መለየቱ ላይ ሁሉም አባል አንድ ዓይነት ዕውቀት ይኑረው። ክፍት ውሃ ላይ ያለው እምቦጭ ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የቅጠሉ ዘንግ ሥሩ ላይ አብጦ ሽንኩርት ይመስላል፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ስፖንጅ ነው። ሥሩ ላባ የመሰለ፣ ጥቁር ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። አበባው ሐምራዊ ሲሆን የላይኛዋ የአበባ ቅጠል ላይ ቢጫ ነጥብ አለች። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ተጨናንቆ ሲያድግ ያ እብጠት ይጠፋና ዘንጉ እስከ 1 ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ «ይኸ ሌላ ተክል ነው» ተብሎ ይታለፋል። በሌላ በኩል ከታች ሥር ሰዶ ቅጠሉ ውሃው ላይ የሚተኛውን ያገሬው የውሃ አበባ በስህተት የሚነቅሉ አሉ። እሱን አትንኩት።

ሲነቀል ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን እምብርት መያዝ ግድ ነው። ቅጠሉን ማጨድ ዋጋ የለውም፤ እምብርቱ ውሃ ውስጥ እስካለ እንደገና ያቆጠቁጣል። እናቲቱን ከልጆቿ ጋር የሚያያይዘው ገመድ መሰል አግዳሚ ግንድም ሲበጠስ ቡቃያ ያለበት ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እየበጣጠሱ ከመወርወር ጠርዙን በመንሽ ይዞ እንደ ምንጣፍ መጠቅለል፣ ከዚያ በገመድ ወደ ዳር መጎተት ይሻላል። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው ከኋላ በታንኳ ሆኖ በመንሹ ያመለጡትን ቁርጥራጮች ይልቀም። ይኸ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ የእሱ ነው።

ተንሳፋፊ አጥርም ሥሩ። 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር የናይለን ገመድ፣ በየ2 ሜትሩ አፉ በደንብ የታሸገ ባዶ ጀሪካን፣ ከሥሩ ደግሞ ግማሽ ሜትር ብቻ ወደ ታች የሚወርድ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንፊት። ከግማሽ ሜትር አታስረዝሙት፤ ዓሣው ከሥር ማለፍ አለበት። የዓሣ መረብ በፍጹም አትጠቀሙ፦ ዓሣውንም ዳክዬውንም ይይዝና ሳይታይ ይገድላል። ጫፍና ጫፉን በደረቅ መሬት በተተከለ ምሰሶ፣ መሐሉን አሸዋ በሞላ ጆንያ እሰሩት። አጥሩን ለነፋሱ ፊት ለፊት አታጋፍጡት፤ ሰያፍ አድርጉት። ሰያፍ ሲሆን እምቦጩ በአጥሩ ተንሸራቶ እናንተ ወደ መረጣችሁት ማውጫ ይሄዳል። ፊት ለፊት ሲሆን ግን ክብደቱ መሐል ላይ ተከምሮ ገመዱን ይበጥሰዋል። ነፋስ ባለፈ ቁጥር በማግሥቱ አራግፉት። አንድ ሳምንት የተከማቸ አጥር ራሱ የእምቦጭ ችግኝ ጣቢያ ይሆናል።

ሞተር_ጀልባ፦

25 ሰው ይኸን አይችለውም። ማሽን እንዲመደብላችሁ ለወረዳው ጻፉ። በእጅ ሲለቀም ብዙ ዓመት ታየ፤ እምቦጩ ግን አለ።

አረም_ከሥሩ፦

መጻፉ አይከፋም፤ ግን ሥራው መልስ እስኪመጣ አይቁም። ማሽኑ መንቀሳቀሻ ጥልቀት ይፈልጋል። እዚህ የተጠየቀው ደንገልና ፊላ መሐል፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ያለ ነው፤ እዚያ ማሽን ሊገባ ቢችል እንኳ አብሮ የሚያጠፋው ደንገል ከጥቅሙ ይበልጣል። ደግሞ የማሽን ማነቆው ማጨዱ ሳይሆን ማራገፉ ነው፦ ዳር ላይ ተቀባይ፣ ማጓጓዣና መንገድ ከሌለ ሞልቶ ይቆማል። ከትፎ ውሃው ላይ የሚተወው ዓይነት ከመጣ ደግሞ እምቢ በሉ። ግማሹ ሰምጦ ይበሰብሳል፣ ግማሹ ያቆጠቁጣል።

«እምቦጩ ግን አለ» ያሉት እውነት ነው። ምክንያቱ ግን እጅ ስለማይበቃው ብቻ አይደለም፤ ዘሩ ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ የእምቦጭ ዘር እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ «አጠፋነው» የሚባል ቀን አትጠብቁ፤ የምትጠብቁት በየዙሩ የሚወጣው ኪሎ እየቀነሰ መሄዱን ነው። ለዚህም በየዙሩ ስንት ቃሬዛ እንደወጣ በደብተር ያዙ። ቁጥሩ ሦስት ዙር ተከታትሎ ከጨመረ ምንጩን አላገኛችሁትም ማለት ነው።

የነጭ_ዓሣ_ነገር፦

ስለ ዓሣው ልግባበት። ጣና ውስጥ ያሉት ነጭ ዓሣ የምንላቸው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ከሞላ ጎደል በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ናቸው። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይና ሌሎች ገባሮች ወጥተው ጠጠር ላይ ይራባሉ። የወንዙ አፍ በእምቦጭ ከተደፈነ የመውጫ መንገዳቸው ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ 3ቱን ሄክታር እኩል አትዩት። ሰኔ ከማለቁ በፊት የወንዙ አፍ ወለል ብሎ መከፈት አለበት፤ ሌላው ቢዘገይም እሱ አይዘገይ። ተንሳፋፊውን አጥርም በወንዙ አፍ ላይ አታግድሙት፤ ከአፉ በስተ ሰሜን፣ ነፋሱ በሚያመጣበት በኩል ይሁን።

ቆሮሶና አምባዛ ደግሞ ከዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው የሚራቡት፤ ዝናቡ ሲጀምር ዋናው ጊዜያቸው ነው። በነዚያ ወራት ደንገል ሥር 25 ሰው ተሰልፎ ጭቃውን ቢያምስ፣ የእምቦጩን ጉዳት በራሳችን እግር ደገምነው ማለት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በታንኳ ሆኖ ከላይ መልቀም ብቻ። ትልቁን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር አድርጉት።

እምቦጩ ዓሣውን የሚጎዳው ቦታ በመያዝ ብቻ አይደለም። ሲሸፍን ብርሃን ይከለክላል፤ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን የሚሰጡት ደቃቅ አረንጓዴ ነገሮች ይጠፋሉ፤ ነፋስም ውሃውን ማናወጥ ያቅተዋል። ከሥር ደግሞ የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርሳታል። ዓሣ ሊሸሽ ይችላል። ጭቃ ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ግን የትም አይሄድም፤ ውሃ እያጣራ የሚኖር ፍጥረት ነውና ከነበረበት ታፍኖ ይሞታል። እምቦጭ ከተነሣ በኋላ ክፍት የሆኑ ባዶ ዛጎሎች ተከማችተው ካያችሁ ያ ቦታ ለወራት ተሸፍኖ ነበር ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ቅድሚያ ስጡት።

ሲወጣ የሚደረግ ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ ግን ካልተነገረ ማንም አያደርገውም። የሥሩ ላባ ውስጥ የዓሣ ጫጩቶችና ደቃቅ ፍጥረታት ይሸሸጋሉ። ጥቅሉን ከውሃው ትንሽ ብድግ አድርጋችሁ ሦስት አራት ጊዜ አራግፉት፣ ከዚያ አውጡት። ዳር ላይ ከተከመረ በኋላም አንድ ሰው ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ የሚወራጨውን ይመልስ። ትልልቁን ቁራጭ ከመጎተታችሁ በፊት ላዩን ቃኙት፦ ረጃጅም ጣት ያላቸው፣ ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የሚራመዱ ወፎች እዚያው ላይ ይጥላሉ። እንቁላል ካለ ያንን ጥግ ገመድ አስሩለትና ለቀጣዩ ዙር ተዉት። ሁለት ካሬ ሜትር ብታቆዩ የሚመጣ አደጋ የለም፤ እንዳይንሳፈፍና እንዳያብብ ብቻ ተከታተሉት።

ደንገሉንና ፊላውን አደራ። «ዳሩ ይጽዳ» ተብሎ አብሮ የሚታጨድበት ቦታ ብዙ ነው። ደንገል የሄደበት ክፍት ውሃ ለእምቦጭ የተዘጋጀ አልጋ ነው። ከዚያም በላይ ደንገሉ ከእርሻ የሚወርደውን አፈርና ማዳበሪያ አጣርቶ ያስቀራል፤ እምቦጩን የሚያወፍረው ደግሞ ያ ማዳበሪያ ነው።

የታንኳ_ወደብ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እምቦጭ የሚበላ ዓሣ ከውጭ አምጥቶ መልቀቅ ይቻላል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ጨው እንበትንበት የሚልም አለ። ሁለተኛ፣ ከውሃው የሚወጣውን እምቦጭ ለከብት መኖና ለብስባሽ ማዋል እንፈልጋለን። አወጋገዱ ላይ የምታውቁት ካለ ንገሩን።

ጥንዚዛ_አርቢ፦

ከውጭ ዓሣ ማምጣቱን እርሱት። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የዓሣ ዝርያዎች እያሉ ሌላ መጤ መጨመር የማይመለስ ስህተት ነው፤ ሣር በል የሚባሉት ዓሦችም ለስላሳ ሣር እያለላቸው እምቦጭን አይመርጡም። ጨውም እንዲሁ፦ እምቦጩን የሚገድል መጠን ዓሣውንና ዛጎሉንም ይጎዳል።

መድኃኒት መርጨትን በተመለከተ፣ ቱ ፎር ዲና ግላይፎሴት የሚባሉት የአረም መድኃኒቶች እምቦጭን ይገድላሉ፤ በዚህ ክርክር የለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ እንደተሰላው በሄክታር 300 ቶን የሞተ ተክል እዚያው ውሃው ውስጥ ሰምጦ ይበሰብሳል፤ ኦክስጅኑ በአንድ ጊዜ ያልቃል፣ ዓሣው በጅምላ ይሞታል። ጭቃ ውስጥ ያለው ዘር ግን ምንም አይሆንም፤ ላዩ ሲከፈትለትና ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል። ነፋስ የወሰደው ርጭት ደንገሉንና የገበሬውን ሽንብራ ያቃጥላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሰዉ የሚጠጣው ውሃ ነው። ማኅበራችሁ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው ነገር አይደለም።

የሰው ጉልበት የማይጠይቀው መንገድ ጥንዚዛ ነው። ንዮኬቲና የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ ርዝመታቸው 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም። መነሻቸው እንደ እምቦጩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እጩ፣ ማለት ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ የቅጠሉን ዘንግ እየበሳ ወደ እምብርቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ሥሩ ላይ ተጠቅልሎ ወደ ጥንዚዛ የሚለወጥበት ሙሽሬ ይሆናል። ተክሉ ይጫጫል፣ አበባ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ይሰምጣል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ተለቀው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እምቦጩ በብዙ ቀንሷል፤ በ1997 እና በ1998 የነበረው ከባድ ዝናብና ማዕበልም ረድቷል። በኋላ ግን መልሶ አገርሽቷል። አገራችን ውስጥም በወንጂ አካባቢ ተሞክረዋል። ሆኖም ውጤት ለማየት ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈልጋል፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ብርዱ እርባታቸውን ያዘገየዋል። ማስገባትና መልቀቅ የመንግሥትና የምርምር ተቋማት ሥራ ነው፤ በኪስ ተይዞ የሚመጣ ነገር አይደለም።

የተለቀቀበት አካባቢ ከሆነ ግን አንድ ግጭት አለ፤ ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። ጥንዚዛው የሚኖረው እምቦጩ ላይ ነው። ሁሉንም ነቅለን ደረቅ መሬት ላይ ስናሰጣው ጥንዚዛውንም አብረን ገደልነው። ቅጠሉ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የምታህል፣ የተፋቀች የምትመስል ቡናማ ጠባሳ በብዛት ካያችሁ ጥንዚዛ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከማንሣታችሁ በፊት የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ብስባሽ_ሠሪ፦

አወጋገዱ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፤ «ዳር ላይ ጣልነው» ይባላል። የትኛው ዳር? የጣና ውሃ በግንቦት መጨረሻና በመስከረም መካከል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እንደ ፎገራና ደንቢያ ባለ ሜዳ ላይ ይኸ ማለት ውሃው ብዙ መቶ ሜትር ወደ የብስ ይገባል። ጥር ላይ ደረቅ ባሕር ሸሽ (ሐይቁ ሸሽቶ የሚተወው መሬት) ላይ የከመራችሁትን ነሐሴ ላይ ሐይቁ መጥቶ ይወስደዋል። የመስከረምን የውሃ ምልክት ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ድንጋይ ትከሉበት፤ ክምሩ ከዚያ በላይ ይሁን።

ግን ርጥቡን እስከዚያ አትሸከሙት። ከ100 ኪሎ ርጥብ እምቦጭ ከ90 እስከ 95 ኪሎው ውሃ ነው። በበጋ ከሆነ መጀመሪያ ከውሃው 20 እና 30 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ ውፍረት ዘርጉት፣ በየ3 ቀኑ ገልብጡት። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ተንኮሻኩሾ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ አንድ ቃሬዛ የሚሸከመው ብዙ ነው። ወፍራም አድርጎ መከመር ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይቀራል፤ እምብርቱ ለሳምንታት ሳይሞት ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። አበባ ወይም የዘር ፍሬ የያዘውን ለብቻ ለዩት፤ ሲደርቅ አቃጥሉት። ለብስባሽ አይሁን።

አበባ ያልያዘው ለብስባሽ ጥሩ ነው። የጠወለገ እምቦጭ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጭድ 10፣ እበት 5፣ እንደገና ያንኑ እየደራረባችሁ እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ። ወርዱ ከ1.5 ሜትር ካነሰ አይሞቅም። ርጥብ እምቦጭ ብቻውን ቢከመር አየር ያጣና ይሸታል፤ ጭዱ ለዚያ ነው። በሳምንት ውስጥ መሐሉ ከ55 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ ብረት ሰክታችሁ ስታወጡት በእጅ መያዝ ካላስቻለ ደርሷል። በየ2 ሳምንቱ ውጩን ወደ ውስጥ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡት። በ3 ወር ይደርሳል። የበሰለውን ለጓሮና ለደጋ ማሳ ተጠቀሙበት እንጂ ባሕር ሸሽ ላይ አትበትኑት፤ ያመለጠ ዘር ቢኖር ወደ ቤቱ መመለስ ይሆናል።

መኖን በተመለከተ አልገፋፋችሁም። ውሃ ይበዛበታል፤ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ጉልበት አያገኝም፣ ያስቀምጠዋልም። ውስጡም መርፌ መሰል ደቃቅ ጠጠሮች አሉበት። ግድ ከሆነ አጠውልጋችሁ ከጭድ ጋር ቀላቅሉ፤ ከመኖው ሩብ አይለፍ። ከተማ ወይም ፋብሪካ ቆሻሻ የሚለቅበት አካባቢ የበቀለውን ግን ለከብትም ለአትክልት ብስባሽም አታውሉት፤ እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ከውሃው እየሰበሰበ ያከማቻል። አንድ ሌላ ነገርም አለ፦ ርጥቡ ለመኖ ተብሎ በጋሪ ከመንደር መንደር ሲዞር፣ ወደ ማያውቀው ኩሬና ግድብ ይደርሳል።

ጤና_ኬላ፦

አጭር ማሳሰቢያ። እምቦጭ ውስጥ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ይበዛል። ትሉ ወደ ውሃ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ከውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ ፀሐዩ ሳይከር ቢያልቅ ይሻላል፤ እንዲያም ሆኖ ረጅም ቦቲና የጎማ ጓንት የሌለው ሰው ዳር ላይ ይሥራ እንጂ ውሃ ውስጥ አይግባ። ከወጣችሁ በኋላ ወዲያው በፎጣ ደረቅ አድርጋችሁ ጥረጉ። ከዘመቻው 6 ሳምንት በኋላ ሁላችሁም ሰገራ ተመርመሩ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ጤና ጣቢያ ይሰጣል።

እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ጥልቀቱ አይታይም። ከታፋ በላይ በሚሆን ቦታ በእግር አትግቡ፤ በጀልባ ሁኑ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ።

የታንኳ_ወደብ፦

በጣም ጠቅሞናል። አጥሩን ከወንዙ አፍ በስተ ሰሜን፣ ሰያፍ አድርገን ልንዘረጋ ነው። የቀረን ጥያቄ፦ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ የምትበቅል ደቃቅ ነገር አለች፤ ገበሬዎቹ «ሣር ናት» ይላሉ። እሷስ?

አረም_ከሥሩ፦

ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። የእምቦጭ ዘር ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሳለ ይተኛል፤ ውሃው ሸሽቶ ርጥብ ጭቃ ላይ ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚነቃው። ባሕር ሸሽ ለእሱ የተመቸ መደብ ነው። ቡቃያዋ ጥፍር የምታህል፣ ቅጠሏ ጠባብና ረጅም ናት፤ እብጠቱም የለባትም፤ ስለዚህ ሣር ትመስላለች። ሥሯን ነቅላችሁ እዩ፦ ላባ የመሰለ ጥቁር ሥር ካላት እምቦጭ ናት።

መልካሙ ነገር በዚህ ጊዜ ማጥፋቱ ምንም አይከብድም። ገበሬው ባሕር ሸሹን ለሽንብራ ወይም ለጓያ ሲያርስ ቡቃያዋ ተገልብጣ ትደርቃለች። አደጋው ያልታረሰው ጠባብ ሰቅ ነው፦ በማሳውና በደንገሉ መካከል፣ የማንም ያልሆነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት በየ3 ሳምንቱ በዚያ ሰቅ ላይ ሁለት ሰው በመኮትኮቻ ቢያልፍ፣ ክረምት ላይ ውሃው ሲመለስ የሚያነሣው ተክል አያገኝም።

ከገበሬዎቹ ጋር ስትነጋገሩ ሁለት ነገር አብራችሁ ጠይቋቸው። ከደንገሉ በላይ 20 ሜትር ሣር ሳይታረስ እንዲተዉ፣ ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ባሕር ሸሹ ላይ ከግንቦት በኋላ እንዳይበትኑ፤ ሐይቁ ሲመጣ በቀጥታ ለእምቦጩ ነው የሚደርሰው። የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚከራዩ ካሉ ደግሞ ቱቦውንና ወንፊቱን ከመንቀሳቀሱ በፊት እዚያው ያጥቡት፣ ያራግፉት። መረብም ከሰሜን በኩል ከመጣ 3 ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሥሩና ጭቃው ከተራገፈ በኋላ ወደ እናንተ ውሃ ይግባ።

አጥሩን ስትዘረጉ ጀሪካኖቹን ቀለም ቀቡ ወይም ነጭ ጨርቅ እሰሩባቸው፤ ማታ የሚመጣ ታንኳ እንዳይጠለፍበት። መሐሉ ላይ ለጀልባ ማለፊያ የምትተዉት ክፍተት ሁለቱ ጫፎች ፊትና ኋላ ሆነው ይደራረቡ እንጂ ዝም ብሎ ክፍት አይሁን፤ ካልሆነ እምቦጩም በዚያው ይገባል።